ኔትወርክ የለም

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ውርጭ። ጣቶቼ ኪቦርዱ ላይ አልታዘዝ አሉኝ። ለቢሮው ማሞቂያ ይገዛል ከተባለ ስንት ኅዳር አለፈ... ይተዉት፣ ጋቢ ደርቤ እሠራለሁ።

የቢራ ገብስ ርክክብ ስለተጀመረ የዩኒየናችን ግቢ ሰውና አህያ ብቻ ሆኗል። ነጂብ ከመጋዘኑ ወጣና የልብሱን ብናኝ እያራገፈ ጠረጴዛዬ ላይ ተደገፈ። የመጋዘን ኃላፊ ነው ይባላል፤ ዋና ሥራው ግን እኔን ማብሸቅ ነው።

«አሁንም በዚያ በሞተ ቋንቋ ነው የምትሠሪ?»

«ማን ሞተ አለህ?»

«ኮምፒውተር የሚማረው የእህቴ ልጅ። ፐርል ከተቀበረ ቆየ፣ ማንም አይማረውም አለኝ።»

«በለው እንግዲህ፣ ገብስህን የሚቆጥርልህ ሬሳ ነው።»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ምክንያቱም ዛሬ መልስ ነበረኝ። ሳምንታዊው የፐርል ዜና ጠዋት ገብቷል። የኮምፒውተር ቋንቋዎችን ደረጃ የሚያወጡት ሰዎች ፐርልን ከሃያዎቹ አንስተው አስሩ ውስጥ ከተውታል። ለምን እንደወጣ ራሳቸው ፐርል ጸሐፊዎቹም አልገባቸውም። ግማሹ ይጨፍራል፣ ግማሹ «ቆጠራው ተሳስቶ ነው» እያለ ይነታረካል። ክረምት መግቢያ ላይ አዲስ ስሪት ወጥቷል፣ እሱ ላይም ገና ይጣላሉ። የሚጣላ ሰው በሕይወት አለ ማለት ነው አይደል?

ለሙሌ ላክሁለት። «ሞተ ያሉት ተነሣ» ብዬ። የሚመልሰውን አውቃለሁ... «እኛ መቼ ሞተ አልን?» ነው የሚለኝ።

ፐርልን ያስተማረኝ እሱ ነው፣ ሙሉቀን። ይኼን የመጋዘን ፕሮግራም ጽፎ፣ ለኔ አስረክቦ፣ ጁባ ሄደ። እህቱ ማስተዋል ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ያደግን ጓደኛዬ ናት። አሁን እርጉዝ ናት። ቅዳሜ እጠይቃታለሁ።


ኅዳር 12፣ ዓርብ

ሙሌ መልእክቱን አላየውም። እሱ እኮ ስልኩን የሚያስቀምጠው ሲተኛ ብቻ ነው።

ሌላ ነገር ደግሞ መጣ። ዮሪስ የሚባል ሆላንዳዊ ጻፈልኝ። ሲፓን የሚባል ጎተራ አላቸው፤ የዓለም ፐርል ጸሐፊ ሁሉ የሠራውን ለሌላው የሚያስቀምጥበት። ሙሌም እዚያ ቀን መንዛሪዋን አስቀምጧል፤ የፈረንጅ ቀን አስገብተህ የኛን የምታወጣ፣ የኛን አስገብተህ የፈረንጁን። እኛ ብቻ ነን የምንጠቀምባት ብዬ ነበር። ለካ ስንቱ አገር ይጠቀምባታል። ዮሪስ ከጎተራው ጠባቂዎች አንዱ ነው፤ ሙሌ አልመልስ ሲለው ከምስጋናው ሥር ስሜን አይቶ ነው የጻፈልኝ። ቀን መንዛሪዋ ቀዳዳ ተገኘባት፤ ቀን በሚጻፍበት ቦታ ተንኮለኛ ሰው ትእዛዝ ቢያስገባ ሳትጠይቅ ትፈጽማለች።

ማስተካከሉ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ግን የተስተካከለውን ጎተራ ማስገባት የሚችል ባለቤቱ ብቻ።

ሙሌ፣ የት ገብተህ ነው?


ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

ሙሌ ሞተ።

ጻፍሁት። አሁንም አላመንሁትም።

ጋሽ ሞገስ ቢሮ በር ድረስ መጣ። የሙሌ አጎት ነው፣ የናቱ ወንድም፤ እኛን ሒሳብ ያስተማረ። ውስጥ አልገባም አለ። «ውጪ ነይ» ብሎ ከገብሱ ክምር ጀርባ ወሰደኝ። ኮፍያውን በእጁ ይዞ ያዞረዋል፣ ያዞረዋል...

«ወባ ነው አሉኝ። ሲታመም ሥራ ላይ ነበር። እዚያው ቀበሩት። ሐበሾቹ ተሰብስበው... ቄስም ነበረ አሉ።»

ጩኸቴ ሊያመልጠኝ ሲል ክንዴን ጨመቀኝ። «እዚህ አይደለም! እህቱ ወሯ ተቃርቧል።»

እውነቱን ነው። ማስተዋል አምና አንዱን አጥታለች፣ በድንጋጤ ነው ያሉት። እትዬ ጌጤ፣ እናታቸው፣ ልጃቸውን ሊያርሱ ከእብናት መጥተው እሷ ቤት ናቸው። እሳቸው ደግሞ ግፊት አለባቸው። ስለዚህ ማስተዋል እስክትገላገል፣ ክርስትናው እስኪወጣ፣ ማንም ምንም አይናገርም። ከዚያ መርዶው በወጉ ይነገራል፤ ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ተሰብስቦ።

«አንቺ ስለምትገቢ ስለምትወጪ ነው የነገርሁሽ። ዝም አይነቅዝም፣ ዝናሽ።»

«እሺ ጋሼ።»

ቤት ገብቼ ሬዲዮኑን እስከ ጥግ ከፍቼ አለቀስሁ። አከራዬ «ምነው ዛሬ ሠርግ አለ እንዴ?» ብላ በሩን መታች። አዎ፣ ሠርግ ነው አልኋት።


ኅዳር 24፣ ረቡዕ

ማስተዋል ቤት አልሄድም ብዬ ነበር። ብቀር ደግሞ «ዝናሽ ምን ሆነች?» ይሉኛል። ሄድሁ።

እትዬ ጌጤ ገና ሳልቀመጥ «ልጄ፣ እስቲ በዚያ በኢንተርኔቱ ሞክሪልኝ። ሙሉዬ በስልኩ እምቢ አለኝ» አሉኝ።

ሁለቱም እያዩኝ ደወልሁ። ለሞተ ሰው ደወልሁ። ጆሮዬ ላይ ይዤ ጠበቅሁ... ምን እንደምጠብቅ እንጃ።

«ኔትወርክ የለም እትዬ።»

«ኧረ?»

«እዚያ አገር ዝናብ ከጣለ ይጠፋል አሉ።»

እትዬ ጌጤ «ይሁና» አሉ። ማስተዋል ሆዷን ደግፋ ሳቀች። «ተይው እማ፣ ሥራ ሲበዛበት ይጠፋል። ለክርስትናው ይመጣ የለ? ያኔ ነው የምቆጣው።»

ሽንት ቤት ሄጄ ነጠላዬን ነክሼ ቆምሁ።


ታኅሣሥ 3፣ ዓርብ

ዮሪስ ደግሞ ጻፈ። ጨዋ ሰው ነው፣ ግን ደንብ ደንብ ነው ይላል። ባለቤቱ ዝም ካለ ይፈለጋል፤ ካልተገኘ በአደባባይ ይጠራል፤ ይጠበቃል። እስከዚያ ቀን መንዛሪዋ አደገኛ ተብላ ከመደርደሪያው ትወርዳለች። አንዱ ደግሞ ከዚያው ከአደባባዩ ላይ «አዲስ እንጽፍና የድሮዋን እንርሳት» ብሏል። እንርሳት!

ጥሪውን አየሁት። ለዓለም ሁሉ በተከፈተ ገጽ ላይ ስሙን ከነአባቱ ስም ጽፈው «ይኼን ሰው የሚያውቅ አለ?» ይላሉ።

አለ። እኔ አውቀዋለሁ።

ክረምቱን ሙሉ ጳጉሜ አምስትና ስድስት እያጋጨችበት፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ሲሠራት ከጎኑ ነበርሁ። ልጅ አልወለደ፣ ቤት አልሠራ። ከሱ የቀረችው እሷ ብቻ ናት፤ እሷንም ሊጥሏት ነው።

ሞቶ ከሆነ ግን ወዲያው ለሚያውቃት ሰው ትሰጣለች። ደንቡ እንደዚያ ይላል። እንደ ርስት።


ታኅሣሥ 5፣ እሑድ

ጻፍሁለት። በእንግሊዝኛ፣ አጭር። ኅዳር ላይ ሞተ፣ ተማሪው ነበርሁ፣ ሥራውን ልጠብቅለት እፈልጋለሁ።

ከመላኬ በፊት አስቤበታለሁ። ማን ሊያነበው ነው? ደብረ ታቦር ላይ ፐርል የሚያውቅ ሁለት ሰው ነበር፣ አንዱ ሞተ። እትዬ ጌጤ እንግሊዝኛ አያነቡ። ሆላንድ የት፣ እኛ የት።

ከላክሁት በኋላ ደረቴ ቀለል አለኝ። «ሞተ» የሚለውን ቃል ከጋሽ ሞገስ ሌላ ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። መርዶ ነጋሪ ሆንሁ... ለባዕድ።


ታኅሣሥ 8፣ ረቡዕ

ፈቃዱን ሰጡኝ። ዮሪስ የጻፈልኝን ሳነብ ቢሮ ውስጥ እንባዬ መጣ። ሙሌ ከዓመታት በፊት አንድ ስህተት ሲያሳየው እንዴት በትሕትና እንዳሳየው ያስታውሳል። «ሥራው በስሙ ይቆያል» አለኝ።

ነጂብ «ማን አስለቀሰሽ?» ሲለኝ «አቧራህ» አልሁት።


ታኅሣሥ 19፣ እሑድ

ወይኔ። ወይኔ። ምነው እጄን በቆረጠው።

ከቅዳሴ ወጥቼ ስልኬን ከፈትሁ። እነዚህ ሰዎች ልማድ አላቸው፤ ከመካከላቸው ሰው ሲሞት ስለሱ ይጽፋሉ። ደግ ልማድ ነው። አንድ ሰውዬ በራሱ ገጽ ላይ በየወሩ «ያጣናቸው» ብሎ ያወጣል። ዮሪስ ነግሮት ነው፣ እኔን ደስ ያሰኘኛል ብሎ። የሙሌ ፎቶ። ያ አዲስ አበባ ስብሰባ ላይ አፉን ከፍቶ ሲስቅ የተነሣው። ከሥሩ ሰው ሁሉ... ከጃፓን፣ ከብራዚል፣ ከፖላንድ። አንዷ «በሱ ፕሮግራም ነው የልጆቼን አባት የልደት ቀን ያወቅሁት» ትላለች። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ አለቀስሁ። ደስ ብሎኝ!

ከዚያ ታች ስወርድ አዲስዓለምን አየሁት። የሙሌ የክፍል ጓደኛ፣ ባሕር ዳር ያለው። ፎቶውን ወስዶ ፌስቡክ ላይ ለጥፎታል፤ «ወንድሜ ሙሌ፣ ነፍስህን በአብርሃም እቅፍ ያኑርልኝ»። ጠዋት ነው የለጠፈው።

ማስተዋል ፌስቡክ አላት።

ደወልሁለት። ጮህሁበት። «አላወቅሁም ዝናሽ፣ ቤተሰብ የተረዳ መስሎኝ ነው፣ ነጮቹ አውቀው እናቱ አታውቅም ብዬ በምን ላስብ?» እያለ አለቀሰ። አጠፋው። ለሰውዬውም ጻፍሁለት፣ እባክህ አውርደው ብዬ። «ቤተሰቦቹ እስካሁን አያውቁም? እንዴት ይሆናል?» አለኝ። መርዶን በምን ቃል ላስረዳው? ሞት ዝም ብሎ አይነገርም፣ ሰዓት አለው፣ ሰው አለው... እንግሊዝኛዬ አልበቃኝም። ሳይገባውም አወረደው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ለጋሽ ሞገስ አልነገርሁትም። ፈራሁ።


ታኅሣሥ 20፣ ሰኞ

ሥራ ሳልገባ ማስተዋል ዘንድ በረርሁ። ባጃጁ ላይ ሆኜ ስለቴን ሁሉ ለገብርኤል ሰጠሁ።

እሷ ራሷ ከፈተችልኝ። ቤቱ የአረረ ሽሮ ይሸታል።

«ትናንት አረረብኝ፣ ሽታው እምቢ አለ። ግቢ።»

«ስልክሽ ምነው አይነሣም?»

«ወድቆብኝ ተሰበረ።» ዓይኗ አብጧል። «እንቅልፍ የለም እኮ በዚህ ሆድ።»

እትዬ ጌጤ ጥግ ላይ ምስር ይለቅማሉ። አላወቁም። አላወቀችም። ስልኩ የተሰበረው እግዜር ሲረዳኝ ነው ብዬ እየሳቅሁ ቢሮ ገባሁ። ነጂብን እንኳን ቀድሜ ሰላም አልሁት፣ ደነገጠ።


ታኅሣሥ 27፣ ሰኞ

ምጧ ቀደመ። ጥር ይሆናል ነበር የተባለው።

ባሏ ዓለምነው መኪናውን ይዞ ሐሙሲት ነበር። እኔና እትዬ ጌጤ ነን ጤና ጣቢያ ያደረስናት። እሳቸው ደጅ ላይ ቀሩ፣ እኔን አስገቡኝ፣ እጄን ስላለቀቀች።

አምና የሞተባትን ስትወልድ አይቻታለሁ። ጥርሷን ነክሳ «ማርያም፣ ማርያም» ነበር የምትል፣ ድምፅ አታወጣም። ዛሬ ግን...

«ወንድሜን! ኧረ ወንድሜን! ወንድም ጋሼን!»

አዋላጇ ሳቀች። «ማርያምን ጥሪ እንጂ እህቴ፣ ወንድምሽ ምን ያደርግልሻል?»

ፊቷን አየሁት። ምጡ ለቀቅ ሲያደርጋት ዝም አትልም፤ ያኔም ታለቅሳለች። ምጡ ሲመጣ ደግሞ ደረቷን ትመታለች። የምጥ አልነበረም። የለቅሶ ነበር።

ጎንበስ አልሁ። «ማስቱ... ታውቂያለሽ?»

ጆሮዬን በሁለት እጇ ይዛ ወደ አፏ ሳበችኝ። «ዝም በይ። እማ እንዳትሰማ። ይኼን ሰበብ ባላገኝ ፈንድቼ ነበር፤ አልቅሼ ልውጣ።»

እና አለቀሰች። አዋላጇ «በርቺ፣ ጎበዝ» ትላታለች። እኔ እጇን ይዤ ቆሜያለሁ። በሩ ሥር የእትዬ ጌጤ እግር ይታየኛል፤ አንዴም አልተንቀሳቀሰም።


ታኅሣሥ 28፣ ማክሰኞ

ወንድ ልጅ። ትንሽዬ ነው፣ ግን ይጮሃል፣ ይጠባል። ተመስገን።

እቤት ተሰበሰብን። ዓለምነው፣ ጋሽ ሞገስ፣ ጎረቤቶች። እልል ተባለ። ጋሽ ሞገስ ሳቅ እየሞከረ «እንግዲህ አያት ስም ያውጣ» አለ።

እትዬ ጌጤ ልጁን ተቀበሉ። አገላብጠው አዩት። ግንባሩን ሳሙት።

«ምትኩ በሉት።»

እልልታው ቆመ። ሰው ላልሞተበት ቤት ምትኩ ተብሎ ስም አይወጣም።

ጋሽ ሞገስ «ጌጤ...» ብሎ ቀረ።

«ምን ታዩኛላችሁ? እኔ አላውቅም መስሏችሁ ነው?» ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። ወደኔ ዞሩ። «ኔትወርክ የለም ያልሽኝ ለት ነው ያወቅሁት። ያ ሁሉ ኢንተርኔት ተዘግቶ፣ መንገዱ ተዘግቶ በነበረ ጊዜ እንኳ ልጄ እሑድ እሑድ ድምፁን አሳጥቶኝ አያውቅም። ዝናብ ያግደዋል? ይቺ እስክትገላገል ብዬ ነው አንጀቴን ያሰርሁ።»

ማስተዋል ከአልጋው ቀና አለች። «እማ... አንቺም?»

«ትናንት በር ላይ ሰማሁሽ። ከእንግዲህ ማን ለማን ይደብቃል?»

ልጁ ብቻ ነው ያለቀሰ።


ጥር 2፣ ቅዳሜ

ጎህ ሲቀድ መርዶ ነገርን። ሁሉም የሚያውቀውን። ወጉ ነው፣ ዘመድ ከእብናት ድረስ መጥቷል፣ ገናንም አሳልፈን ነው። ጋሽ ሞገስ በሩን አንኳኳ፣ ሴቶቹ በሁለት በኩል ተጠጓቸው፣ ነገራቸው። እትዬ ጌጤ አዲስ እንደሰማ ሰው ጮኹ። ያን ሁሉ ጊዜ ያቆዩትን ጮኹት። ሲወድቁ የያዟቸው ብዙ እጆች ነበሩ።

በዚያው ለጋሽ ሞገስ ነገርሁት፤ ማስተዋል ከየት እንዳወቀች፣ ማን እንደጻፈው። ብዙ ይሰድበኛል ብዬ ነበር። «እንዲያ ነው?» ብሎ ብቻ ወደ ድንኳኑ ሄደ።


ጥር 5፣ ማክሰኞ

ቀን መንዛሪዋን አስተካክዬ ጎተራው ውስጥ አስገባኋት። ጸሐፊ የሚለው ላይ የሱ ስም እንዳለ ነው፣ ከሥሩ የኔ። ሳምንታዊው ዜና ላይ በአንድ መስመር ወጥታለች። ነጂብ ለቅሶ ሲደርስ «ያ ቋንቋ... ሞተ ማለቴን ይቅር በይኝ» አለኝ። ምስኪን፣ ምን አደረገ?

ከሰዓት እትዬ ጌጤ ጠሩኝ። አራሷ ክፍል ውስጥ ነበሩ። «እነዚያ ሰዎች ስለልጄ ምን አሉ? አንብቢልኝ» አሉኝ። ገጹ ቢወርድም ቀድቼው ነበር። አንድ በአንድ ወደ አማርኛ እየመለስሁ አነበብሁላቸው። የጃፓኑን፣ የብራዚሉን፣ የልጆቿን አባት ልደት ያወቀችውን። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሰሙኝ።

«ለቅሶ ደርሰውኛላ፣ ሳያውቁኝ።»

«አዎ እትዬ።»

«እንግዲያ ጻፊላቸው። ብድራችሁን በደስታ ይመልስልን በይልኝ።»

ጻፍሁ። እንዴት እንደምተረጉመው ሳላውቅ፣ እንደሆነው አድርጌ ላክሁት። እሳቸው ድንኳን ሰው መጣ ተብለው ወጡ። እኔና ማስተዋል ቀረን። ከምጡ ወዲህ ቃል አልተነጋገርንም። ልጁን እያጠባች ነበር።

«ከኔ በፊት አለቀሱለት» አለች። ቀና ብላ አላየችኝም።

«ማስቱ፣ እኔ ስሙ እንዳይጠፋ ብዬ...»

«አውቃለሁ። ሽሮ እያማሰልሁ ነው ያየሁት። ስልኩ ብልጭ አለ፣ ሲስቅ አየሁት፣ ከዚያ ጽሑፉን አነበብሁ። እማ እዚያ ምስር ትለቅማለች፤ መጮህ አልችል። ማማሰያውን ይዤ ቆምሁ።» ልጁን ወደ ሌላው ጡቷ አዞረችው። «እማን መርዶ ሲነገራት ስንት ሰው ነበር የያዛት። እኔን ማን ያዘኝ ዝናሽ?»

ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ። ነገ እሄዳለሁ፤ ብትከፍትልኝም፣ ባትከፍትልኝም።